ኩንዳሶቭን ሆኜ የከረምኩበት በጋ

ግንቦት 16

ቲያትር ቤቱ ተዘጋ። በሩ ላይ «ለጊዜው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሰበቡ ጣሪያው ነው። ባለፈው ቅዳሜ በሦስተኛው ገቢር መሀል አንድ ትልቅ የኖራ ቁራጭ ወርዶ ዙፋኑን ለሁለት ከፈለው። ደግነቱ ንጉሡ በሁለተኛው ገቢር ሞቷል። ንጉሡ እኔ ነኝ። ድሮ እስከ አምስተኛው ገቢር እኖር ነበር፤ አዲሱ አዘጋጅ ነው ዕድሜዬን ያሳጠረው።

ሬጊና ከመድኃኒት ቤቱ ሥራዋ ገብታ ስነግራት፣ «እንግዲህ ያን ሁሉ ድምፅ እዚሁ ቤት ልትጨርሰው ነው» አለች። የባሏን ሐዘን በቀልድ የምታቀል ደግ ሚስት ናት።

ግንቦት 22

የከተማው ሙዚየም ኃላፊ ኢራይዳ ማትቬዬቭና አስጠራችኝ። በነሐሴ መጨረሻ ከተማችን ቶርሚሎቭ አራት መቶ ዓመት ይሞላታል፤ የክፍለ ሀገሩ ገዥም ይመጣል። «ታዋቂ ሰዎቻችን እንግዶችን በአካል እንዲቀበሉ ተወስኗል» አለችኝ።

ታዋቂ ሰዎቻችንን የማያውቅ የቶርሚሎቭ ልጅ የለም። አንደኛው የሠረገላው ዘንግ ተሰብሮበት አንድ ሌሊት ያደረው ጄኔራል ነው። ያደረበት ቤት ግንብ ላይ «እዚህ ኖረ» የሚል እብነ በረድ አለ። ሁለተኛው የሙዚቃ ደራሲው ነው። ለእህቱ ሲጽፍ «የቶርሚሎቭን ጭቃ እስክሞት አልረሳውም» ብሎ ነበር፤ ሐውልቱ ላይ «ቶርሚሎቭን እስክሞት አልረሳም» ተብሎ ተቀረጸ። ሦስተኛው ግን የምር የእኛ ሰው ነው። ኤርሞላይ ካፒቶኖቪች ኩንዳሶቭ፤ የቆዳ ነጋዴ፣ በዛር ዘመን ከንቲባ፣ ቀዩን የውሃ ማማ አሠርቶ ለከተማው የመጀመሪያውን ቧንቧ የዘረጋ።

«የጄኔራሉን ሚና ስጪኝ» አልኳት።

«ጄኔራሉ ቀጭን ነበር» አለች ሆዴን እያየች።

ኩንዳሶቭ ደረሰኝ።

ሰኔ 3

ማማው ሥር የመጀመሪያ ቀኔ። የተኩላ ቆዳ ካፖርት፣ በሙጫ የተለጠፈ ጢም፣ አንገቴ ላይ የከንቲባነት ሰንሰለት። ሰንሰለቱ ከቲያትር ቤቱ መጋዘን የወጣ የመጸዳጃ ቤት ውሃ መልቀቂያ ሰንሰለት ነው፤ ከሩቅ ግን ወርቅ ነው። ሙቀቱ አይወራም።

አንዲት ቱሪስት እጄን ይዛ፣ «ጌታው፣ መጸዳጃ ቤት በየት በኩል ነው?» አለችኝ። በኩንዳሶቭ ድምፅ፣ ክንዴን ዘርግቼ አሳየኋት። ሳታመነታ ሄደች። ንጉሥ ሆኜ እንኳ ማንም እንዲህ አምኖኝ አያውቅም።

ሰኔ 11

ውሃ የለም። የአሮጌው ሰፈር ዋና ቧንቧ ፈነዳ። ቧንቧው ኩንዳሶቭ የቀበረው ራሱ ነው፤ ከእሱ ወዲህ የነካው የለም። ማዘጋጃ ቤቱ «በቅርቡ» አለ። ሬጊና ጸጉሯን በጠርሙስ ውሃ ታጠበች። የተናገረችውን እዚህ አልጽፍም።

ሰኔ 14

ዛሬ የሆነውን በደንብ ልጻፈው።

ከእኛ በታች አንደኛ ፎቅ የምትኖር አክስት ክላቭዲያ የምንላት አሮጊት አለች። ዕድሜ ልኳን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሸማኔ ነበረች፤ ዘመድ የላትም። በየቀኑ ደረጃ ላይ ሰላም እንባባላለን። ዛሬ ሁለት ባዶ ባልዲ አንጠልጥላ ማማው ሥር መጣችና በቱሪስቶቹ ፊት ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝ።

«ኤርሞላይ ካፒቶኖቪች፣ አባታችን! ውሃ አጥተን አለቅን። በሕይወት ያሉት ከንቲባ በራቸውን ዘግተዋል። የሞቱት ይሻሉ ይሆናል ብዬ መጣሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ግን በሙጫ ጢም መሳቅ አይቻልም፣ ይላቀቃል። ስለዚህ ኮስተር አልኩ።

«አየዋለሁ፣ እናቴ።»

«መቼ?»

«ነገ።»

«ወይ ጉድ! የሞቱትም ነገ ነው የሚሉት?»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ለእሷ። ቃለ ተውኔቷ ጥሩ ነበር፤ ቢሆንም መድረኩ የእኔ ነው።

ሰኔ 15

ሄድኩ! በራሴ ስም፣ ፕላቶን ቪያልኪን ሆኜ ብሄድ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ዘበኛ መታወቂያ ይጠይቀኝ ነበር። በካፖርቱና በሰንሰለቱ ሄድኩ። ዘበኛው ብድግ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። ሥራ አስኪያጁ እንባው እስኪወርድ ሳቀና ጸሐፊዎቹን ጠርቶ አሳያቸው፤ አብሮኝም ፎቶ ተነሣ። «ለኩንዳሶቭማ እምቢ አይባልም! ቦቴ ላኩለት!» አለ።

አመሻሹ ላይ ቦቴው መጣ። ሰፈሩ በሙሉ በድስት፣ በገንዳ፣ በሻይ ማንቆርቆሪያ ወጣ። አክስት ክላቭዲያ ባልዲዎቿን ሞልታ ስታልፍ፣ «ፕላቶን ልጄ፣ ይቺን ጢም እንዳታወልቃት» አለችኝ።

ሰኔ 26

ቦቴው ካልደወልኩ አይመጣም፤ ስደውል ይመጣል። ይህን ያወቀ ሕዝብ ማማው ሥር ተሰልፏል። የሚያፈስ ጣሪያ። የተቋረጠ ጡረታ። ሌሊት አኮርዲዮን የሚጫወት ጎረቤት። እሰማለሁ፣ ጢሜን እዳብሳለሁ፣ «ይታያል» እላለሁ። ሰዎች ቀልለው ይሄዳሉ። አንዳንዱ ነገር ይፈጸማል፤ ለምን እንደሚፈጸም ለእኔም አይገባኝም።

ጎመን የተሞላ ዳቦ፣ የእንጆሪ ማርማላታ፣ ከዳቦ የሚጠመቅ ክቫስ ያመጡልኛል። ጉቦ አይደለም። የምግብ ነገር ጉቦ አይባልም።

ሬጊና በእራት ሰዓት፣ «ቢያንስ ሾርባ ስትጠጣ አውልቀው» አለች። ሙጫው ውድ ነው፤ በየቀኑ መለጠፍና መላጥ ቆዳም ይጎዳል። አስረዳኋት። ሳህኗን አንሥታ ወደ ማድቤት ሄደች። የተስማማች ይመስለኛል።

ሐምሌ 2

ምክትል ከንቲባው ግሌብ ስታኒስላቮቪች በእግሩ ማማው ድረስ መጣ! ጨዋ ሰው፣ ለስላሳ እጅ ያለው።

«ሕዝቡ እንዴት እንደሚወድዎት ያውቃሉ?» አለኝ።

«አላስተዋልኩም» አልኩት።

«ትሑት ነዎት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ቢጨምሩ… ‹በእኔ ዘመን ከንቲባ ውሃ የሚጠጣው ሕዝቡ ከጠጣ በኋላ ነበር።› ታሪክ ነው፤ ማንንም አይነካም።»

ይህን ያህል ተጨንቆልኝ ምንም አልጠየቀኝም። ሐሳቡ የእሱ መሆኑን ለማንም እንዳልናገር ብቻ ለመነኝ። እንዲህ ያለ ዝናን የማይሻ ባለሥልጣን በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ሐምሌ 5

ዓረፍተ ነገሯን ተናገርኳት። ጭብጨባው ርግቦቹን ከማማው ላይ አስነሣቸው። ሁለቴ ደገምኳት።

ሐምሌ 9

ከንቲባው ቫዲም ሴሚዮኖቪች ፖድኮፓዬቭ አስጠራኝ። ቢሮው ውስጥ ትልቅ የዓሣ ገንዳ አለ። ዓሦቹ በንጹሕ ውሃ ይዋኛሉ።

«ስማ፣ ለአንድ ከተማ ሁለት ከንቲባ አይበዛም?»

«ክቡር ከንቲባ፣ እኔ እኮ ከሞትኩ መቶ ዓመት አልፎኛል።»

«እንግዲያው እንደ ሙት ሁን። ሙታንን አከብራለሁ፣ የማያወሩትን።»

ሊያባርረኝ ፈልጎ ነበር፤ ግን የበዓሉ ፕሮግራም በእኔ ፎቶ ታትሞ ለገዥው ተልኳል። ስለዚህ በበዓሉ ዕለት ለገዥው እንደ አገሩ የእንግዳ አቀባበል ወግ ዳቦና ጨው አቅርቤ፣ «እንኳን ደህና መጡ» ብዬ ዝም እንድል አዘዘኝ፤ ዝም ካልኩ የቲያትር ቤቱ ጣሪያ ከመጪው በረዶ በፊት ይሠራል።

ማምሻውን ግሌብ ስታኒስላቮቪች ደወለ። ወሬው ደርሶታል። በገዥው ፊት ስለ ውሃው ከተናገርኩ፣ «ነገሮች ይለወጣሉ»፤ ከተለወጡ ደግሞ የቲያትር ቤቱ ዳይሬክተር እኔ ነኝ።

ሁለቱም ለኪነ ጥበብ እንዲህ ማሰባቸው ልብ ይነካል።

ሐምሌ 16

ሬጊና ከወንዙ ማዶ ጉሲኖዬ መንደር እህቷ ዘንድ ሄደች። እዚያ የጉድጓድ ውሃ አለ። እቃዋን ስትሰበስብ ትንሽ ተነጋገርን።

«ትናንት በእንቅልፍህ ‹ቀጣይ!› ብለህ ጮህክ።»

«ድካም ነው።»

«ዛሬ ጠዋት ደግሞ እኔን ‹ጉዳይሽ ምንድን ነው?› አልከኝ። ፕላቶን፣ እኔ እኮ ጨው አቀብለኝ ነው ያልኩህ።»

የውሃው ነገር ሁሉንም አስቆጥቷል። እስኪጠገን ነው የሄደችው። የበረዶ ወራት ካፖርቷንም ይዛለች። ሬጊና ሁልጊዜ አርቃ ነው የምታስበው።

ሐምሌ 21

ሥርዓት አስፈለገ። እንደ ገበያ መጋፋት አይቻልም። ሰሌዳ አሠራሁ፤ ባለጉዳይ የማነጋግረው ማክሰኞና ሐሙስ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። የግሌብ ስታኒስላቮቪችን ንግግር የማጠናበት ጊዜ ያስፈልገኛል፤ ሦስት ጊዜ ለውጦታል።

ሰዓቱ ካለፈ በኋላ አክስት ክላቭዲያ መጣች። ካፖርቴን እያወለቅኩ ነበር።

«ቦቴው ከመጣ ሳምንት አለፈው፣ ልጄ።»

«ሐሙስ ነይ፣ አክስት ክላቭዲያ።»

«አንድ ስልክ እኮ ነው።»

«ለአንዱ ካደረግኩ ለሁሉም ማድረግ አለብኝ። ሐሙስ።»

ሰሌዳውን አነበበች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«እሰይ» አለች፤ «አሁን እውነተኛ ከንቲባ ወጣህ።»

ምስጋና ነው። ለምን እንዲያ አድርጋ እንዳየችኝ ግን አልገባኝም። ምስጋና ነው።

ሐምሌ 23

ሐሙስ። ክላቭዲያ አልመጣችም። እንግዲህ ያን ያህል አላስቸኮላትም ማለት ነው።

ሐምሌ 24

ሆስፒታል ናት። ትናንት ማለዳ ወንዝ ወርዳ። በሁለት ባልዲ። ዳገቱ ላይ ወድቃ። እጇና ትከሻዋ። ዓሣ አጥማጆች ናቸው ያገኟት።

የወንዙ ዳር አንሸራታች ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ሊሠራለት ይገባ ነበር። በዚያ ዕድሜ ወንዝ አይወረድም። ደግሞም ሐሙስ ብያታለሁ። ነግሬያት ነበር። ሐሙስ ብዬ ነግሬያታለሁ።

ቦቴው ዛሬ መጣ። ደወልኩ። ወዲያው ነው የመጣው።

ነሐሴ 4

ኢራይዳ ማትቬዬቭናን ሙዚየም ውስጥ በሁለት ጽሑፎች መካከል ተቀምጣ አገኘኋት።

«ከላይ ተደወለልኝ» አለች። «ኩንዳሶቭን ትንሽ ሌባ አድርጊው ተባልኩ።»

«ምን ያህል ትንሽ?»

«አልነገሩኝም። ለዚህ ነው ሁለት ያዘጋጀሁት። በዚህኛው የከተማችን ባለውለታ ነው። በሌላኛው የቧንቧውን ብረት ሸጧል። በበዓሉ ዕለት የገዥውን ፊት አይቼ አንዱን እሰቅላለሁ።»

«እውነቱስ የትኛው ነው?»

ሠላሳ ዓመት ሙዚየም ውስጥ የሠራች ሴት ናት፤ ሕፃን እንደጠየቃት ሁሉ አዘነችልኝ። «ፕላቶን አርካዴቪች፣ ሻይ ላፍላልህ?»

ውሃ ግን አልነበረም።

ነሐሴ 13

ፖም ገዝቼ ክላቭዲያን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ከበሩ ተመለስኩ። ብዙ ጠያቂ ይኖራታል ብዬ ነው። ደግሞ ሰው ፊቴን ያለ ጢም ቢያየው ይደናገር ይሆናል፤ በጢም ቢያየኝ ደግሞ እሷ… ፖሙን መንገድ ላይ በላሁት። አልጣፈጠም።

ነሐሴ 29

ነገ ነው። የከንቲባውን ዝምታ በቃሌ ይዣለሁ፤ የምክትሉንም ንግግር። ጣሪያ ያለው ቲያትር ቤት ውስጥ ተራ ተዋናይ መሆን ይሻላል፣ ወይስ ጣሪያ የሌለው ቲያትር ቤት ዳይሬክተር? ለኪነ ጥበብ የሚጠቅመው የቱ ነው? ሬጊና ብትኖር እጠይቃት ነበር። ብትኖር፣ «ለየትኛው ኪነ ጥበብ?» ትለኝ ነበር።

ነሐሴ 30

አሁን ገባሁ። ሳልረሳው ልጻፈው።

አደባባዩ ላይ ፏፏቴው ይፈሳል። ለሦስት ወር ደርቆ የቆየው ፏፏቴ! የሰፈራችን ሰው ሲሰማ ባልዲውን ይዞ ወጣ። ፖሊሶቹ ሊያባርሯቸው ሲሉ የገዥው መኪና ደረሰ። ጊዜ ስላልነበረ አበባ እያመጡ በየባልዲው ከተቱላቸው። ገዥው ሲያልፍ፣ «እንዴት የሚያምር የአካባቢ ባህል ነው!» አለ። ከንቲባው፣ «ከኩንዳሶቭ ዘመን ጀምሮ የወረስነው ነው» አለው።

ተራዬ ደረሰ። ዳቦና ጨው ይዤ ቀረብኩ። በቀኝ ከንቲባው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጓል። በግራ ግሌብ ስታኒስላቮቪች ራሱን ይነቀንቃል። ሙቀቱ ሙጫውን አቀለጠውና ጢሜ በአንድ ጎን ወረደ። ልይዘው ስል ዳቦው ላይ ወደቀ። ከሕዝቡ መሀል ፊት ለፊቴ፣ በየሰልፉ ክላቭዲያ የምትቆምበት ቦታ ባዶ መሰለኝ። ሁለቱም ንግግሮች ከራሴ ጠፉ።

«እንኳን ደህና መጡ» አልኩ። «እኔ ኩንዳሶቭ አይደለሁም። ፕላቶን ቪያልኪን እባላለሁ፣ ተዋናይ ነኝ። ከበታቻችን ክላቭዲያ የምትባል አሮጊት ትኖራለች። ውሃ ለመነችኝ። አንድ ስልክ ነበር። ሐሙስ ነይ አልኳት። ወንዝ ወርዳ ተሰበረች። ከሰኔ ጀምሮ ውሃ የለንም። ይሄ ፏፏቴ የሚፈሰው ለእርስዎ ነው፤ ሲሄዱ ይዘጋል። አበባዎቹም የእኛ አይደሉም። ባልዲዎቹ ግን የእኛ ናቸው።»

የውሃው ድምፅ ብቻ።

ገዥው መሐረቡን አወጣና ዓይኑን ጠረገ።

«ይሄ ነው ቲያትር!» አለ። «ጢሙ ሲወድቅማ! በዋና ከተማም እንዲህ ያለ አላየሁም። ማነው ያዘጋጀው?»

«እኔ» አለ ከንቲባው።

«ሐሳቡ የእኔ ነበር» አለ ግሌብ ስታኒስላቮቪች።

ገዥው አጨበጨበ፤ ከዚያ ሁሉም። ባልዲ የያዙት ብቻ አላጨበጨቡም፤ እጃቸው ተይዟል።

እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ለምን ጎንበስ አልኩ? ማን አዘዘኝ? ወገቤ ራሱ ታጠፈ። በሠላሳ ዓመት የመድረክ ሕይወቴ ሰው ሲያጨበጭብ ሌላ ያደረገው ነገር የለም።

መስከረም 2

ፏፏቴው ገዥው ከሄደ በኋላ ተዘጋ። ከንቲባው ሜዳይ ተሸለመ። ምክትሉ የውሃ ችግር አጥኚ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነ፤ ኮሚቴው ወደ ባሕር ዳርቻ መዝናኛ ሄዶ ያጠናል። ኩንዳሶቭ ባለውለታ ሆኖ ተሰቀለ። እኔ ደግሞ የከተማው ታዋቂ ሰው ተባልኩ። ፎቶዬ በጄኔራሉና በሙዚቃ ደራሲው መካከል ይሰቀላል።

ኢራይዳ ማትቬዬቭና መልእክት ላከችብኝ። ቱሪስቶች ስለወደዱት ከእንግዲህ በየቅዳሜው እኩለ ቀን ላይ ያንኑ ንግግር አደርጋለሁ። ጢሙን ስጥል፣ «ቀስ ብሎ ይውደቅ» ተብሏል፤ ፎቶ ለማንሣት እንዲመች።

አስብበታለሁ አልኩ። ትልቅ ሚና ነው። እንዲህ ያለ ሚና ኖሮኝ አያውቅም።

መስከረም 4

ሆስፒታል ገባሁ። ከበሩ አልተመለስኩም። አክስት ክላቭዲያ ክንዷ በጄሶ ታስሮ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች።

«በቴሌቪዥን አየሁህ» አለች። «ስሜን ስትጠራ ነርሶቹ መጥተው ፊርማሽን ስጪን አሉኝ። ጄሶው ላይ ራሳችሁ ፈርሙ አልኳቸው።»

«አክስት ክላቭዲያ፣ ይቅር በይኝ።»

«እሱ ይቆይ። ውሃ መጣ?»

«አልመጣም።»

«እና ምኑን ነው ያጨበጨቡት?»

ያመጣሁላትን ፖም ልጬ በትንሽ በትንሹ ቆረጥኩላት። ከሆስፒታል ስትወጣ ባልዲዎቿን ማን እንደሚሸከምላት ጠየቀችኝ። እኔ አልኳት። «ማክሰኞና ሐሙስ ነው?» አለች። በየቀኑ አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች፤ ያመነችኝ አይመስለኝም።

ከዚያ ወደ ሙዚየሙ ሄጄ ቅዳሜ ቅዳሜ አልመጣም አልኩ። ኢራይዳ ማትቬዬቭና ተቆጣች፤ «ሌላ ተዋናይ እናስጠናለን፤ ንግግሩ እንደሆነ ተጽፏል» አለች።

መስከረም 6

በጀልባ ተሻግሬ ጉሲኖዬ ሄድኩ። ሬጊና ግቢ ውስጥ ኪያር በጨው ትዘፈዝፋለች። አልተነሣችም።

«በቴሌቪዥን አይተንሃል» አለች። «እህቴ አለቀሰች።»

«አንቺስ?»

«እጄ ላይ ጨው ነበር። ዓይኔን አልነካሁም።»

ቆምኩ። ቁጭ በል አላለችኝም። በመጨረሻ ባልዲ ገፋችልኝ፤ «ውሃ አምጣ» አለች።

ጉድጓዱ ከግቢው ጀርባ ነው። ባልዲውን ሞልቼ ስመለስ ጎረቤቷ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ውይ፣ እርስዎ የቴሌቪዥኑ ከንቲባ አይደሉም? የመንገዳችንን ነገር…» አለችኝ። ሳላስበው ደረቴ ተነፋ። ክንዴን ዘረጋሁ። ባልዲውን የያዝኩበት ክንድ ነበር።

ሬጊና ወደ ባልዲው አየች።

«ግማሽ ነው።»

«ሰው አናገረኝ።»

«ሰምቻለሁ። ተመለስና ሙላው። አፍህን ዘግተህ።»

ተመለስኩ። ስመጣ ጎረቤቷ አሁንም አጥሩ ላይ ትጠብቀኛለች። አንገቴን ደፍቼ፣ ባልዲውን በሁለት እጄ ይዤ አለፍኩ።

«ሰላምታም የለ? ምነው፣ ታዋቂ ሰው!» አለች ከኋላዬ።

ባልዲውን ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩት። ሬጊና ጎንበስ ብላ አየችው። እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ስትገባ ጫማህን አውልቅ» አለችኝ።